ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሐይፋ ባሕረ ሰላጤ ፋብሪካዎችና የአካባቢ ጥናት ታሪክ

ከክርያት አታ ወደ ሐይፋ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሰው የነዳጅ ማጣሪያውን ጋኖችና ረጃጅም ጢስ ማውጫዎች ሳያይ አያልፍም። በቅርብ ጊዜ ዓሊያ ያደረጉ ወላጆች ደጋግመው ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱም ከዚሁ የሚነሣ ነው፦ «ይህን ሁሉ ፋብሪካ በሰው መኖሪያ አጠገብ ማን ፈቀደው? ሕዝቡስ ተጠይቆ ነበር ወይ?» የሚል ነው። አጭሩ መልስ አልተጠየቀም የሚል ነው። ረጅሙ መልስ ግን ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ታሪክ ስላለው፣ በዚህ እትም ጥቂት ልናወሳው ወደድን። ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ለይተን ካልገለጽን በስተቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባሕረ ሰላጤው በጥንት ጊዜ አሸዋና ረግረግ ነበር። ከእዝራኤል ሸለቆ እየወረደ ወደ ባሕሩ የሚገባው ወንዝ ቂሾን፣ በመጽሐፈ መሳፍንት በዲቦራ ዘመን የሲሣራን ሠራዊት ጠርጎ የወሰደው የቂሶን ወንዝ ነው። ሽማግሌዎቻችን ስሙን ከመጽሐፉ ያውቁታል፤ ወንዙ ግን ዛሬ በፋብሪካዎች መካከል እንደሚያልፍ ሲነገራቸው ብዙዎች ይገረማሉ። በቱርኮች ጊዜ፣ በ1905፣ ከደማስቆ መስመር የሚገናኘው የባቡር ሐዲድ ሐይፋ ደረሰ። በ1925 የኔሼር ሲሚንቶ ፋብሪካ በቀርሜሎስ ተራራ ግርጌ ሥራ ጀመረ። የእኛም ከተማ፣ ያኔ ክፋር አታ የምትባለው፣ የተመሠረተችው በዚያው ዓመት ነበር። መሥራቾቿ ከዋርሶ የመጡ ሃይማኖተኛ አይሁዶች ነበሩ። በ1929 በነበረው ሁከት ጥቃት ደርሶባቸው መንደሯን ለቀው ከሄዱ በኋላ እንደገና ተመልሰው አቀኗት።

እንግሊዞች አገሩን ሲያስተዳድሩ የባሕረ ሰላጤውን አሰፋፈር ያለ ፕላን አልተዉትም። በ1930 አካባቢ ፓትሪክ አበርክሮምቢ የተባለ ስመ ጥር የከተማ ፕላን አዋቂ ለአካባቢው ንድፍ አዘጋጀ። በንድፉ ላይ ፋብሪካው ለብቻው ወደ ሐይፋ ወደብ ተጠግቶ፣ መኖሪያው ለብቻው በስተሰሜን፣ በመካከሉም አረንጓዴ ቦታ እንዲኖር ታስቦ ነበር። ዛሬ ክራዮት የምንላቸው መንደሮች ከዚህ አሳብ የተወለዱ ናቸው። ለዘመኑ መልካም አሳብ ነበር ብንል አናጋንንም። ነገር ግን ንድፉ ቦታን ለየ እንጂ ጢስን አልለየም። ጢስ በመስመር አይከለልም። ቀን ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ሌሊት ከየብስ ወደ ባሕር ይመለሳል፤ የቀርሜሎስ ተራራም አንደኛውን ወገን ይዘጋዋል። ነፋስ በሌለበት የክረምት ማለዳ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ጢሱን እንደ ክዳን ያፍነዋል። ጎጆ ውስጥ እርጥብ እንጨት አንድዶ በሩን የዘጋ ሰው ነገሩ ሳይነገረው ይገባዋል።

አዲሱ የሐይፋ ወደብ በ1933 ተከፈተ። ከኢራቅ፣ ከኪርኩክ፣ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ በበረሃ የተዘረጋው የነዳጅ ቧንቧ በ1935 መጀመሪያ ተመረቀ። ማጣሪያው ራሱ በ1930ዎቹ መጨረሻ ተሠርቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ መርከቦችና ሠራዊት ነዳጅ አቀረበ። እዚህ ላይ ለእኛ ሰዎች የሚቀርብ አንድ ነገር አለ። በ1940 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ሐይፋን የደበደቡት ይህንኑ ነዳጅ ለማቃጠል ነበር፤ በዚያ ወቅት ያው የፋሽስት ጦር ጎንደርን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ከጎንደር የወጣው በኅዳር 1941 ነው። ስለዚህ ይህ ማጣሪያ ለአገርና ለጦርነት ምን ያህል አስፈላጊ እንደነበረ መካድ አይቻልም፤ በዚያ ዘመን ስለ ጎረቤት ሳንባ ያሰበ ሰው አለመኖሩም አያስደንቅም።

ከተማችን ስሟን ያስጠራችው በሌላ ፋብሪካ ነው። በ1934 ኤሪክ ሞለር የተባሉ ከቼኮስሎቫኪያ የመጡ ባለ ኢንዱስትሪ የአታን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቋቋሙ። የአታ ካኪ የአገሪቱ ሠራተኛ ሁሉ ልብስ ሆነ። በ1957 ሠራተኞቹ ከመቶ ቀን በላይ የሥራ ማቆም አድማ አድርገዋል። ፋብሪካው የተዘጋው በ1985 ነው፤ በዘመቻ ሙሴ የመጡ ወገኖቻችን ገና በመርካዝ ክሊታ ዕብራይስጥ በሚማሩበት ዓመት መሆኑ ነው። የእኛ ሰው ወደ ክራዮት ሲገባ የጨርቃ ጨርቁ ዘመን አልቆ የኬሚካሉ ዘመን ገና ቀጥሎ ነበር።

የኬሚካሉ ነገር የተጀመረው በ1940ዎቹ ነው። በ1946 የማዳበሪያ ፋብሪካ ተመሠረተ፤ በ1960ዎቹ ሐይፋ ኬሚካሎች ተጨመረ፤ ከማጣሪያው ጋር የተያያዙ የፕላስቲክና የኬሚካል ፋብሪካዎችም ተከተሉ። መንግሥት ማጣሪያውን በ1958 ከእንግሊዞቹ ኩባንያዎች ገዛ። ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት ይህንም እንናገር፦ በ1950ዎቹ ከሰሜን አፍሪካ፣ ከኢራቅ፣ ከሩማኒያ የመጡ አዲስ ገቢዎች ከድንኳንና ከቆርቆሮ ቤት የወጡት በእነዚህ ፋብሪካዎች ደመወዝ ነው። በኋላም ከወገኖቻችን በዚያው ሠርተው ልጆቻቸውን ያስተማሩ አሉ። «ይዘጋ» ማለት ቀላል ነው፤ ከሚዘጋው በር በስተጀርባ እንጀራ የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ጥያቄው መኖር አለመኖሩ ሳይሆን በምን ውል ይኑር የሚለው ነው።

ውሉ ደግሞ ዘግይቶ መጣ። በ1961 ክኔሴት ጢስን፣ ሽታንና ድምፅን የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ በአርቃቂው ስም የካኖቪች ሕግ ይባላል። ሕጉ «ከአግባብ ያለፈ» ጢስ ክልክል ነው ሲል ከአግባብ ያለፈው ምን ያህል እንደሆነ ግን ሚኒስትሮች በደንብ እንዲወስኑ ተወው። የአየር ጥራት ልክ የተጻፈበት ደንብ የወጣው በ1971 ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሚዛን የሌለው ገበያ ነበር ማለት ይቻላል።

በውጭው ዓለም ነገሩ በዚያው ጊዜ ተለወጠ። አሜሪካ በ1970 መባቻ በጸደቀው ሕግ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ትልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ አጥንቶ በጽሑፍ እንዲያቀርብ አስገደደች። በ1972 በስቶክሆልም የተባበሩት መንግሥታት ጉባዔ ተደረገ፤ በማግስቱ፣ በ1973፣ እስራኤል የአካባቢ ጥበቃ አገልግሎት አቋቋመች። በ1982 የፕላንና የሕንፃ ደንብ ወጣና ታስኪር የሚባለው ሰነድ ሕጋዊ ግዴታ ሆነ። ሙሉ ስሙ ታስኪር ሃሽፓዓ አል ሃስቪቫ ነው፤ በአማርኛ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት ልንለው እንችላለን። የአካባቢ ሚኒስቴር በ1988 መጨረሻ ተቋቋመ፤ ደንቡም በ2003 ታድሶ ወጣ።

ታስኪር አምስት ምዕራፎች አሉት። አንደኛው ሥራው ሳይጀመር አካባቢው ምን እንደሚመስል ይመዘግባል፦ አየሩ፣ ውኃው፣ ድምፁ፣ በአጠገቡ የሚኖረው ሰው። ሁለተኛው ባለ ፕሮጀክቱ ለምን ይህን ቦታ እንደመረጠና ሌላ አማራጭ እንደነበረው ያስረዳል። ሦስተኛው የሚሠራውን ሥራ ይዘረዝራል። አራተኛው ከዚያ ሥራ የሚመጣውን ጉዳትና የሚወሰደውን መከላከያ ይገልጻል። አምስተኛው እነዚህ መከላከያዎች በፕላኑ መመሪያ ውስጥ ገብተው ባለ ፕሮጀክቱን እንዲያስገድዱ የሚቀርበው ሐሳብ ነው። ይህ አምስተኛው ምዕራፍ በሌላው ዓለም የአካባቢ አስተዳደር ዕቅድ ከሚባለው ጋር ይዛመዳል፦ ማን ይጠብቃል፣ በምን ይለካል፣ በስንት ጊዜ ሪፖርት ይደረጋል፣ ልኩ ሲያልፍ ምን ይደረጋል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ እንዳይመስል አንድ ነገር እናስታውስ። በአገራችን ወንዝ ዳር የልብስ ማጠቢያው ከውኃ መቅጃው በታች ነበር። ከብቱ የሚጠጣው ከሁለቱም በታች ነው። ይህን ማንም በወረቀት አልጻፈውም፤ ግን አዲስ ሰው ከመቅጃው በላይ ልታጠብ ቢል ሴቶቹ ዝም አይሉትም። ታስኪር ይኸው ደንብ በወረቀት የሰፈረ ነው። ልዩነቱ ፋብሪካ በወንዝ ዳር ሴቶች ቁጣ የማይመለስ መሆኑ ነው።

ደንቡ ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። የሚመለከተው አዲስ የሚቀርብ ፕላንን ነው። የባሕረ ሰላጤው ትላልቅ ፋብሪካዎች ከ1982 በፊት የቆሙ በመሆናቸው ታስኪር አዘጋጁ የሚላቸው አልነበረም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። መንግሥት እነዚህን ለመያዝ የቀረው መንገድ በ1968 ሕግ መሠረት ለሥራ ፈቃድ፣ ለሪሽዮን ኤሴክ፣ ቅድመ ሁኔታ መጨመርና ለእያንዳንዱ ፋብሪካ የተለየ ትእዛዝ ማውጣት ነበር። ይህም እየተጎተተ ተሠራ።

ምን እንደጎደለ ከሁሉ የበለጠ የሚያሳየው የቂሾን ታሪክ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ማጣሪያው፣ የማዳበሪያውና የኬሚካል ፋብሪካዎች፣ የሐይፋም የፍሳሽ ማጣሪያ ጭምር ወደዚህ ወንዝ ፈሰሱ። አሲድ፣ ዘይትና ከባድ ብረቶች በግርጌው ተከማቹ። በወንዙ አፍ ዓሣ አጥማጆች ይሠሩ ነበር፤ የባሕር ኃይሉ ልዩ ክፍል ሻዬቴት 13 ጠላቂዎችም ለብዙ ዓመታት በዚያ ውኃ ሰልጥነዋል። ከእነሱ መካከል በካንሰር የታመሙና የሞቱ መኖራቸው በ2000 በጋዜጦች ሲገለጽ አገሩ ተናወጠ፤ በቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በሜኢር ሻምጋር የሚመራ ኮሚሽንም ተሰየመ። ኮሚሽኑ በ2003 ሪፖርቱን ሲያቀርብ አባላቱ አልተስማሙም። ሻምጋር በውኃውና በሕመሙ መካከል ግንኙነት አለ አሉ፤ ሳይንቲስቶቹ አባላት ግን ግንኙነቱ በሳይንስ አልተረጋገጠም አሉ። የመከላከያ ሚኒስቴር የሻምጋርን አስተያየት ተከትሎ ለታመሙት እውቅና ሰጠ። ፋብሪካዎቹን የከሰሱት ግን በ2013 በሐይፋ አውራጃ ፍርድ ቤት ተረቱ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ማስረጃ ነው፦ በዚያ ዓመት፣ በዚያ ቀን፣ ውኃው ውስጥ ምን ያህል ምን ነበር? የታመመው ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ወንዙ ንጹሕ ሳለ የለካው፣ ሲቆሽሽም በየጊዜው የመዘገበው አልነበረም፤ ካለም ሙሉ አልነበረም። የታስኪር አንደኛ ምዕራፍ ጥቅሙ እንግዲህ ይህ ነው። ብዙ ሰው ጥናቱን ባለ ፋብሪካ ፈቃድ ለማግኘት የሚያሟላው ወረቀት አድርጎ ያየዋል። እኛ የምናየው እንደ ምስክር ነው። በአገር ቤት በሬ የሚያበድር ሰው ሽማግሌ ፊት ያበድራል፤ በሬው ሲታመም ቀድሞ ጤነኛ እንደነበረ የሚናገር እንዲኖር ነው። ለቂሾን እንዲህ ያለ ሽማግሌ አልነበረውም።

ወንዙ ራሱ ግን ተመልሷል ባንልም ተሽሏል። የቂሾን ወንዝ ባለሥልጣን በ1994 ተቋቋመ፤ ፋብሪካዎቹ ፍሳሻቸውን እንዲያጣሩ ተገደዱ፤ ከ2012 ጀምሮ የተመረዘው ዝቃጭ ከግርጌው እንዲወጣ ተደረገ። ዛሬ በዳሩ ቤተሰብ የሚዝናናበት መናፈሻ አለ።

ሁለተኛው ምሳሌ የአሞኒያ ጋን ነው። በወደቡ አካባቢ 12,000 ቶን የመያዝ አቅም የነበረው ይህ ጋን ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቆሞ ነበር። አሞኒያ ሲተን ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል፣ ሲበዛም የሚገድል ነው። በ2006 የሊባኖስ ጦርነት ሮኬት በሐይፋ ላይ ሲወርድ ሁሉም ያሰበው ስለዚሁ ጋን ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2017 ፍርድ ቤቶች እንዲዘጋ ወሰኑ፤ በዚያው ዓመትም ባዶ ሆነ። ጋኑ ሲሠራ «ጦርነት ቢመጣስ?» ብሎ የጠየቀ ሰነድ ለሕዝብ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ባልተጠበቀ ነበር ብለን እናምናለን።

ለአየሩም ሕግ መጣለት። የንጹሕ አየር ሕግ በ2008 ጸድቆ በ2011 መጀመሪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ነባሮቹ ትላልቅ ፋብሪካዎች ጭምር የልቀት ፈቃድ እንዲያወጡ ግድ ሆነ። የ1982ቱ ቀዳዳ በከፊል የተደፈነው በዚህ ነው። በ2012 በወጣ ሌላ ሕግ ፋብሪካዎች በየዓመቱ ወደ አየር፣ ወደ ውኃና ወደ መሬት የለቀቁትን እንዲያስታውቁ፣ መዝገቡም ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ተደረገ። በከተማችን በክርያት አታና በክርያት ቢንያሚን የአየር መለኪያ ጣቢያዎች አሉ። የጤና ሚኒስቴር በ2015 በሐይፋ አካባቢ የካንሰር ሕመም ከአገሪቱ አማካይ ከፍ ያለ መሆኑን ገልጿል፤ ምን ያህሉ ከጢስ፣ ምን ያህሉ ከሲጋራና ከሌላ ምክንያት እንደሆነ ግን ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ። ልጅዋ አስም ያለበት እናት ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ የለባትም፤ ለሐኪሙ የት ሰፈር እንደምትኖር ትንገረው።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። በ1961 በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሹን የለቀቀው ወደ ዓባይ ነው። በአዲስ አበባም የአቃቂ ወንዝ በፋብሪካና በቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት አስፍሯል፤ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የወጣው ደግሞ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1995፣ በቅርብ የመጡት ቤተሰቦች ገና በጎንደርና በአዲስ አበባ ተራ በሚጠብቁበት ጊዜ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ለአብዛኞቻችን ቅርብ የሆነው ማጣሪያው ሳይሆን በመንገዱ ማዶ የሚቆፈረው ሕንፃ ነው። ክርያት አታ ያረጁ ሕንፃዎች እየፈረሱ በረጃጅሞች የሚተኩባት ከተማ ሆናለች። ተራ ሕንፃ ታስኪር አያስፈልገውም፤ ይሁን እንጂ ግዴታ የለበትም ማለት አይደለም። አቧራው በውኃ እንዲረጥብ፣ አፈር የጫነ መኪና እንዲሸፈን፣ ፍርስራሹ ወደ ተፈቀደ መድፊያ እንዲሄድ ይጠበቃል። በሌሊትና በዕረፍት ቀን በመኖሪያ ሰፈር በግንባታ መሣሪያ መሥራት ክልክል ነው። በተለይ ስለ አስቤስቶስ እናስጠንቅቃለን። በናሃሪያ የነበረው ኤታኒት ፋብሪካ ከ1952 እስከ 1997 የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ሠርቷል፤ በሰሜኑ አገር በአሮጌ መጋዘኖችና ጣራዎች ላይ ሞገድ መሳይ ግራጫ ሰሌዳ አሁንም ይገኛል። በ2011 በወጣው ሕግ ይህን ማንሣት የሚችለው ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ብቻ ነው። ልጆች ስባሪውን እንዳይጫወቱበት፤ አባቶችም በራሳቸው እጅ እንዳያፈርሱት።

ትልቅ ፕላን ሲመጣ ደግሞ ሕጉ ለነዋሪው በር ከፍቷል። ፕላኑ ለሕዝብ እይታ ሲቀርብ፣ ሃፍካዳ ይባላል፣ በጋዜጣ ይታወጃል፤ በቦታውም ሰሌዳ ይቆማል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙውን ጊዜ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳት ይደርስብኛል የሚል ሰው ሂትናግዱት፣ ማለት ተቃውሞ፣ ማቅረብ ይችላል። በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ምክንያቱን መዘርዘር አለበት፤ የሚጠቀሰውም ነገር እውነት መሆኑ በታጽሂር፣ በመሐላ ቃል፣ መደገፍ አለበት። «አልወደድኩትም» ብቻ ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። «የመኪናው መግቢያ በልጆቼ ትምህርት ቤት ደጃፍ ነው፤ በጥናቱ ውስጥ ትምህርት ቤቱ አልተጠቀሰም» ማለት ግን ይጠቅማል። ጥናቱ በመቶ የሚቆጠር ገጽ ያለው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ነው። በእኛ አስተያየት ኢሪያ ቢያንስ ማጠቃለያውን በአማርኛ፣ በሩሲያኛና በዓረብኛ ማውጣት ነበረበት። እስከዚያው ዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅ ያለው ቤተሰብ አንደኛውንና አራተኛውን ምዕራፍ ያስነብብ፤ ሌላው ቢቆይ ግድ የለም።

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስል፣ በመጋቢት 2022 መንግሥት በባሕረ ሰላጤው ያለው የፔትሮኬሚካል ኢንዱስትሪ በአሥር ዓመት ውስጥ ሥራውን እንዲያቆም ወስኗል። በሰኔ 2025 በኢራን ሚሳይል ማጣሪያው ተመትቶ ሦስት ሠራተኞች ሞተዋል። ፋብሪካዎቹ ሲነሡ ቦታው ለመኖሪያና ለመናፈሻ እንዲውል ይታሰባል። ከዚያ በፊት ግን ሰማንያ ዓመት ዘይት የጠጣ አፈር መቆፈር፣ መጓጓዝና መጽዳት አለበት፤ ይህም ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው። አፈሩን የጫኑት መኪናዎች በየትኛው መንገድ እንደሚያልፉ፣ አቧራውን ማን እንደሚለካ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሠሩ የሚወስኑ ፕላኖች ገና ለሕዝብ እይታ ይቀርባሉ። በሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የሚነበበው የፕላኑ ቁጥርና የመቃወሚያው የመጨረሻ ቀን ነው።